የመኪናህ ኮምፒውተር "ሞቷል" ሲሉህ፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ?

መኪናው አልነሳ ብሎ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ከዋለና ምክንያቱ ከጠፋ፣ ወደ ማታ ላይ አንድ ፍርድ ይሰጣል፦ "ኮምፒውተሩ ነው።" ወዲያው ለደላላ ይደወላል። ደላላው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ "አንድ ንጹሕ ዕቃ አለ" ይላል። ብር ይላካል። ሳጥኑ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ይሰካል፣ መኪናው አሁንም አይነሳም።

አቦ፣ ቀስ በል። የሞተር ኮምፒውተር፣ ኢሲዩ የሚሉት፣ እንዲሁ በራሱ ጊዜ ብዙም አይሞትም። ሲሞትም አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ አለው። ገዳዩን ሳትይዝ ሌላ ሳጥን ብትሰካ እሱንም ይደግምልሃል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገርህ። የራስህ ሳጥን መጠገን ከቻለ እሱን አስጠግን። ካልቻለ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከራስህ ሳጥን ቁጥር ጋር አንድ የሆነ ያገለገለ ግዛና የድሮውን መረጃ አስገልብጥበት። አዲስ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ያገለገለ ገዝቶ ዝም ብሎ መሰካትን ግን፣ መኪናህ ቁልፉ ላይ ቺፕ ካለው፣ ከአማራጭም አልቆጥረውም።

መኪናህ ኮምፒውተር አለው ወይ?

ቀልድ አይደለም። ዋን ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ናፍጣውን የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ፋይቭ ኤል ሞተር ያለው ሃይሉክስም እንደዚያው። ፎር ኤች ጂ ዋን ሞተር ያለው አሮጌው አይሱዙ ኤንፒአርም፣ ሜካኒካል ፖምፓ ያለው የድሮው ሲኖትራክም እንደዚያው። እነዚህ ላይ ከዳሽቦርዱ ስር ሽቦ የበዛበት ትንሽ ሳጥን ብታይ የካንዴላ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ ነገር ነው። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር አይደለም። "የዋን ኤችዜድ ኮምፒውተር አለኝ" የሚል ሻጭ ከገጠመህ ሻይ ጋብዘውና ተሰናበተው።

ኮምፒውተር ያላቸው ሌሎቹ ናቸው። ዋን ኬዜድ ቲኢ ያለው ፕራዶ አለ፤ ፖምፓው የሚሽከረከር የድሮ ዓይነት ሆኖ በኤሌክትሪክ ይታዘዛል። ዋን ኬዲ እና ቱ ኬዲ ኮመን ሬይል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ ኢንጀክተሮቹ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱበት) ያላቸው ፕራዶና ሃይሉክሶች አሉ፤ ድሬ መንገድ ላይ የምታያቸው ቪጎዎች በብዛት እነሱ ናቸው። ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ቪ8 ላንድክሩዘር አለ። ከከባዶቹ ደግሞ ኮመን ሬይል የሆኑት አይሱዙዎች፣ እንዲሁም የጭስ ደረጃቸው ዩሮ 3 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሲኖዎች። ቤንዚን በኢንጀክተር የሚረጩትማ ሁሉም አላቸው።

ሳጥኑ ነው ከመባሉ በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ገንዘብህ የሚተርፈው እዚህ ነው።

ቁልፉን ኦን አድርግ፣ ሞተሩን አታስነሳ። ቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት። ካልበራና የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነርም ከሞተር ኮምፒውተር ጋር አልገናኝም ካለ፣ ሳጥኑ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) አጥቷል፣ ወይ እውነትም ሞቷል። ሞቷል የሚባለው የፊተኞቹ ሁለቱ በቴስተር ከተጣሩ በኋላ ብቻ ነው። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት፣ ኢኤፍአይ የተባሉት ፊውዝና ሪሌ ይታዩ። ፊውዙን በዓይን ብቻ አትመን፤ በቴስተር ለካው። ሪሌው "ቃ" ስላለ ብቻም ደህና ነው አትበል፤ ውስጡ ተቃጥሎ ድምፅ እያወጣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሞልቷል።

ማሳውን አትርሳ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ሽቦ በዝገትና በዘይት ተሸፍኖ ይላላል። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዝና አንድ ሰው ሞተሪኖውን ይምታ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካየህ ማሳው ችግር አለው። ይህ ጋራዥ ውስጥ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ቀላል ሥራ አያስከፍልም።

ቀጥሎ አምስቱ ቮልት። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይልካል። ከሴንሰሮቹ አንዱ ውስጡ ሾርት ካደረገ ይህ 5 ቮልት ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም የሞተ ይመስላል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ቴስተሩን 5 ቮልት ሽቦው ላይ ትተህ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀል። የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን፣ የሬይል ፕሬዠር ሴንሰሩን፣ የአየር ግፊት ሴንሰሩን። አንዱን ስትነቅል ቁጥሩ ዘሎ 5 ከገባ ገዳዩን ይዘሃል፤ የምትገዛው ሴንሰር ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ሁሉንም ነቅለህም ካልተመለሰ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት መንካቱን ተከታተል፤ የሳጥኑ ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የፊተኞቹ ዋን ኬዲዎች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ከኮምፒውተሩ ሌላ ኢዲዩ የሚባል ራሱን የቻለ ሳጥን አላቸው፤ ኢንጀክተሮቹን ለመክፈት ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ኢዲዩ ሲሞት ሞተሩ ይሽከረከራል ግን አይነሳም፣ ስሙ የሚጠፋው ግን ኮምፒውተሩ ነው። የቶዮታ ኮምፒውተር ቁጥር በአብዛኛው በ89661 ይጀምራል፣ ኢዲዩ በ89871። ደላላ ፎቶ ሲልክልህ ይህን እይ፤ ሁለቱን እያደባለቁ የሚሸጡ አሉ።

ስካነር ላይ የሚወጣውን ኮድም አንብብ። ፒ0601፣ ፒ0605፣ ፒ0606 ዓይነቶቹ ስለ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያወሩ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ቮልት ሲወርድ ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ደህና ባትሪ አስረህ፣ አጥፍተህ፣ እንደገና አንብብ። ዩ0100 ደግሞ "ኮምፒውተሩን አጣሁት" ማለት እንጂ "ሞቷል" ማለት አይደለም። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ካን የሚባለው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ነቅለህ ስካነር መሰኪያው ላይ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ መካከል ኦም ለካ፤ ወደ 60 ኦም ካላሳየህ ሽቦውን ተከተል። ዋን ኬዜድ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው መሰኪያ ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር ስታገናኝ መብራቱ በብልጭታ ኮዱን ይቆጥርልሃል።

የድሬ ሙቀት የሚያመጣው ነገርም አለ። ጠዋት ደህና የሆነ መኪና ቀትር ላይ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። መካኒኩ በርጫ ላይ በሆነበት ሰዓት ማለት ነው። ጠዋት ጋራዥ ስትወስደው ምንም የለውም፣ አንተም ውሸታም ትሆናለህ። እንዲህ ዓይነቱ ችግር ሳጥኑ ውስጥ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የደከመ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳጥኑን በፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ አሙቀው፣ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ ኳ ኳ አድርገው። ከጠፋ ሳጥኑ ነው። ሽቦውን ስታነቃንቅ ከጠፋ ግን ሶኬቱ ነው።

ገዳዩ ማን ነው?

ሳጥኑ እውነትም ከሞተ፣ ሌላ ከመሰካትህ በፊት ምን እንደገደለው ጠይቅ። የማውቃቸውን ልጻፍ።

ብየዳ። ከባድ መኪና ላይ አንደኛው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ሻንሲው ወይም ካሳው ሲበየድ ባትሪው አልተነቀለም። መነቀል ያለባቸው ሁለቱም የባትሪ ጫፎችና የኮምፒውተሩ ሶኬት ናቸው፤ የብየዳው ማሳ ደግሞ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። በያጁ "ችግር የለውም" ይልሃል፤ ለእሱ የለውም።

ባትሪ ማበደር። 12 ቮልት የሆነ ፕራዶ ከ24 ቮልት አይሱዙ ሲያስነሱት፣ ወይም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ። የድሬ–ደወሌ መንገድ ላይ ባትሪ ያለቀበት ሰው ፊቱ ያገኘውን መኪና ነው የሚያቆመው፣ እሱም በብዛት ከባድ ነው።

ዲናሞ። 12 ቮልት መኪና ላይ ቻርጁ ከ14.7 አካባቢ፣ 24 ቮልት ላይ ከ28.8 አካባቢ ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። ይህን ሳትለካ ሳጥን አትግዛ።

ውኃ። ቶዮታዎቹ ላይ ሳጥኑ በብዛት ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው። የፊት መስታወቱ ማስቲሽ ካረጀ ወይም የኤሲው ውኃ መውረጃ ከተደፈነ ውኃው የሚያገኘው እሱን ነው። ድሬ ዝናቡ ጥቂት ቢሆንም ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ነገር ለድሬ ልጅ አልነግርም። ሞተሩ ላይ የታሰረ ኮምፒውተር ያላቸው ከባድ መኪናዎች ደግሞ በግፊት ውኃ ሲታጠቡ ሶኬታቸው ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻው ኢንጀክተር ወይም ሶሌኖይድ ነው። ውስጡ ሾርት ያደረገ ኮይል የሚነዳውን ትራንዚስተር ያቃጥላል። ሳጥኑ ተከፍቶ አንድ ቦታ ብቻ ከተቃጠለ፣ ያ ቦታ የማንን ሽቦ እንደሚነዳ ይታይና የዚያ ዕቃ ኦም ይለካ። አለበለዚያ የገዛኸው ሳጥን ቁልፍ ባዞርክበት ደቂቃ ይከተለዋል።

የራስን ሳጥን ማስጠገን

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ዋጋው አይደለም። ሳጥኑ መኪናህን ያውቃል። የቁልፍህ ኮድ ውስጡ ነው፣ የኢንጀክተሮቹ ኮድ ውስጡ ነው። ተጠግኖ ሲመለስ ትሰካለህ፣ ትነሳለህ።

የሚጠገነው ምንድን ነው? ያፈሰሰ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የተቃጠለ የኢንጀክተር ትራንዚስተር፣ የ5 ቮልት ሬጉሌተር፣ የዛገ የሶኬት እግር። በ1990ዎቹ የተሠሩ ሚትሱቢሺ ፓጄሮዎች ካፓሲተር በማፍሰስ የታወቁ ናቸው። ሳጥኑን ስትከፍተው እንደ ዓሣ የሚሸት ነገር ይመጣል፣ ካፓሲተሮቹ እግር ስር ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቅርሻ ታያለህ። መስመሮቹን ሳይበላ ከተደረሰበት ጥገናው ርካሽ ነው።

የማይጠገነው ዋናው ፕሮሰሰር የሞተ ወይም ቦርዱ እስከ ውስጠኛው ንብርብር የከሰለ ነው። ሐቀኛ ጠጋኝ ከፍቶ አይቶ "ይህ አይሆንም" ይልሃል። እንዲህ ያለህ ሰው ላይ አትናደድ፤ ስልኩን ያዝ።

ጠጋኙን ምረጥ። ድሬ ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ እጃቸው የረቀቀ ልጆች ሞልተዋል፣ አንዳንዶቹ ይህንንም ይችላሉ። ችግሩ ብየዳው አይደለም። ከሥራው በኋላ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ኤሌክትሪክ ሰጥቶ የሚፈትንበት ነገር አለው ወይ? ቦርዱን ከመንካቱ በፊት ውስጡ ያለውን መረጃ አንብቦ ያስቀምጣል ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቀው። ሁለተኛውን "ምን ያደርግልሃል?" ካለህ ሳጥንህን ተቀብለህ ውጣ። ድሬ ላይ ካላገኘህ አዲስ አበባ ይላካል፤ በአውቶቡስ ስትልክ ሳጥኑን በደንብ ጠቅልለህ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ፣ ቦርዱን ራሱን ከፍተህ ፎቶ አንስተህ ላክ። የተመለሰው ያንተው ቦርድ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ነው።

ጥገና ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። በሙቀት የሚጠፋ ሳጥን አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተን ደህና ይሆናል፣ ድሬ ሲደርስ ይመለስበታል። ጠጋኙ አሙቆ እንዲፈትነው አስቀድመህ ንገረው።

ያገለገለ ሳጥን

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህ ነው፣ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋውም እዚሁ። ዕቃው በአብዛኛው ከዱባይና ሻርጃ የሚመጣ ነው፤ ጥቂቱ እዚሁ አገር ከተጋጩ መኪናዎች ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ይዞ መቆየት ግድ ሆኗል፣ ስለዚህ የዕቃው ፈላጊ በዝቷል። ብር ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ዋጋው ስለማይቆም ቁጥር አልጽፍልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሐሰት ይሆናል።

ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት። "አንድ ዓይነት መኪና ነው" አይበቃም። ሁለት ፕራዶ፣ ዓመታቸው አንድ፣ ሞተራቸው አንድ፣ ግን አንዱ አውቶማቲክ ሌላው ማንዋል ከሆነ ሳጥናቸው ይለያያል። አንዱ ለገልፍ አገሮች አንዱ ለአውሮፓ የተሠራ ከሆነም እንደዚሁ። 89661 ካለው በኋላ የሚመጡት አምስት ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አንድ ይሁኑ። ደላላ "የመጨረሻው ቁጥር ችግር የለውም" ሲልህ፣ ችግሩን ማን እንደሚሸከም ጠይቀው።

ከዚያ ቁልፉ ይመጣል። ቁልፍህ ላይ ቺፕ ካለ፣ ማለትም መኪናህ ኢሞቢላይዘር ካለው፣ የሌላ መኪና ሳጥን ቁልፍህን አያውቀውም። ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። መውጫው ሦስት ነው።

አንደኛው ሙሉ ስብስቡን መግዛት ነው። ሳጥኑ፣ የኢሞቢላይዘሩ ሳጥንና ቁልፉ ከአንድ መኪና አብረው የወጡ መሆን አለባቸው። ጥሩ ነው ግን ሙሉ ስብስብ ብዙም አይገኝም፣ ሲገኝም ሻጩ ያውቅበታል። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ሌላ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሌላ ይሆንብሃል፤ ይህን ካልጠላህ ችግር የለም።

ሁለተኛው ማስተዋወቅ ነው። ኢሞቢላይዘሩ ራሱን የቻለ ሳጥን በሆነባቸው ብዙ ቶዮታዎች ላይ፣ ስካነር መሰኪያው ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝተህ ቁልፉን ኦን አድርገህ 30 ደቂቃ ትተዋለህ፣ ሁለቱ ሳጥኖች ይተዋወቃሉ። የላይኛው ረድፍ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠር። 16ኛው ቀጥታ የባትሪ ፖዘቲቭ ስለሆነ እሱን ከ4 ጋር ብታገናኝ ፊውዝ ታቃጥላለህ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ከሥራው በኋላ ሽቦውን ንቀልና ሞክር። ኢሞቢላይዘሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሆነባቸው መኪናዎች ላይ ግን ይህ አይሠራም፣ ቀኑን ሙሉ ብትተወውም።

ሦስተኛው እኔ የምመርጠው ነው፤ ማስገልበጥ። ከሞተው ሳጥንህ መረጃው ይነበብና ቁጥሩ አንድ በሆነው ባገለገለው ሳጥን ላይ ይጻፋል። የቁልፍ መረጃው በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ቢቃጠልም ይህች ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች። በትክክል ከተገለበጠ መኪናው ሳጥኑ መቀየሩን እንኳ አያውቅም። ማስገልበጡ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ግን ያለ እሱ የገዛኸው ሳጥን በር የማይከፍት ቁልፍ ነው።

መመለስ ላይ እንነጋገር። "የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ሱቁ ላይ ተለጥፎ ታየዋለህ። ሻጩንም ተረዳው፤ ችግሩ ያልታወቀ መኪና ላይ ሰክተህ አቃጥለህ ብትመልስለትስ? እኔ የማውቀው መሃል መንገድ ይህ ነው፦ የሚገለብጠው ባለሙያ ከክፍያ በፊት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ 12 ቮልት ሰጥቶ (የከባድ ከሆነ 24) መረጃውን ያንብበው። ከተነበበ ፕሮሰሰሩ በሕይወት አለ። ኢንጀክተር የሚነዳው ክፍል ደህና መሆኑን ይህ አያረጋግጥም፣ ግን የሞተ ሳጥን ከመግዛት ያድንሃል። ዓይንህንም ተጠቀም። ብሎኖቹ የተፋቁ፣ ማስቲሹ የተቀደደ፣ ስቲከሩ በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ ተከፍቷል፤ ማን እንደከፈተውና ለምን እንደሆነ ሻጩ ካልነገረህ ተወው።

አዲስ

አዲስ ሳጥን በወኪል በኩል በሻሲ ቁጥርህ ይታዘዛል። ትክክለኛው ዕቃ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ዋስትናም ይኖረዋል። ሁለት ነገር ግን እወቅ። ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ቁልፍ ማስተዋወቅ፣ የሻሲ ቁጥር መጻፍ፣ የኢንጀክተር ኮድ ማስገባት ይቀራል፣ ያ ደግሞ የአምራቹን ወይም ደረጃው ተቀራራቢ የሆነ ስካነር ይፈልጋል። ሌላው ጊዜ ነው። እዚህ ከሌለ ከውጭ ይጠበቃል፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።

አዲስ የሚያዋጣው መኪናው ገና ወጣት ለሆነ፣ ያገለገለ ሳጥኑ ገበያ ላይ ለማይገኝ፣ ወይም የድርጅት መኪና ሆኖ ደረሰኝ ለሚፈለግበት ነው። ዕድሜው ከባለቤቱ ልጆች የሚበልጥ ፕራዶ ላይ አዲስ ማዘዝ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ አይገባኝም። በኦሪጅናል ካርቶን የሚሸጥ ርካሽ "አዲስ" ካገኘህ ደግሞ፣ ያገለገለ ታጥቦ ካርቶን ገብቶ ነው ብለህ ተጠራጠር።

ኮምፒውተሩን ጭራሽ ማውጣት

"ፖምፓውን በሜካኒካል እንቀይረውና እንገላገል" የሚል ምክር መስማትህ አይቀርም። ዋን ኬዜድ ላይ ይቻላል፤ የዚያው ሞተር ሜካኒካል ፖምፓ ስላለ ይገጥማል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገጠር ለሚሠራ ሰው መጥፎ ውሳኔ አይደለም፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሌለው። ኮመን ሬይል ላይ ግን አይሞከርም። ኢንጀክተሩ ያለ ኮምፒውተር አይከፈትም፣ አለቀ።

ታዲያ ለማን የትኛው?

የቤት መኪና ከሆነ፣ ሳምንት ቢቆም ባጃጅ አለ። ማስጠገኑን ሞክር፣ አትቸኩል።

ጂቡቲ የሚመላለስ ከባድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። መኪናው የቆመበት ቀን ራሱ ወጪ ነው፣ ሾፌርና ረዳት ይበላሉ፣ ጭነቱ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ቁጥሩ አንድ የሆነ ያገለገለ ገዝተህ ቶሎ አስገልብጥ። የራስህን ደግሞ ቀስ ብለህ አስጠግነህ መጠባበቂያ አድርገው። ሁለት ሦስት ተመሳሳይ አይሱዙ ያለው ሰው አንድ መጠባበቂያ ሳጥን ቢይዝ አይቆጨውም።

አሮጌ ሆኖ ቺፕ የሌለው ቁልፍ ያለው መኪና ከሆነ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው። ቁጥሩ አንድ የሆነ ያገለገለ፣ ሰካ፣ ሂድ።

ሐረር ያለህ ሰው ደግሞ ፍለጋህን ድሬ ጀምር፤ የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፣ አዲስ አበባ ከመላክ ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ

"ተነሣ!" ሲባል ሥራው አላለቀም። ብዙ ኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ራሱ ላይ የተጻፈ ኮድ አለው። መረጃው ካልተገለበጠ በቀር ይህ ኮድ አዲሱ ሳጥን ውስጥ በስካነር መግባት አለበት። ካልገባ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ያንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ቆሞ ሲሠራም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ "ኢንጀክተሮቹ ሞተዋል" ይባልልህና ሌላ ወጪ ይጀመራል። አዲሱ ሳጥን ፖምፓውን እንዲለምድ የሚደረገውም በስካነሩ ይደረግ።

ሂሳቡን ግማሹን ያዝና ደንገጎን ውጣበት። ከድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ተነሥተህ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርስህ ዳገት ነው፣ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም። ቀትር ላይ ውጣ፤ ጠዋት አይደለም። ስካነሩ ተሰክቶ ይሁን፣ ጉልበት የሚያጣበት ቦታ ካለ ያኔውኑ ኮዱን አንብበው። ላይ ደርሰህ አጥፋው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሙቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ አስነሣው። ትኩስ ሆኖ ከተነሣ ወርደህ ቀሪውን ክፈል።

የድሮውን ሳጥን ግን "ለመለዋወጫ ተውልኝ" ቢሉህ አትተው። የቁልፍህ መረጃ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ነገ የተገለበጠው ሳጥን ቢበላሽ እንደገና የሚነበበው እሱ ነው። የተነበበውን ፋይልም ከባለሙያው በፍላሽ ተቀበልና ሊብሬህ ያለበት ቦታ አስቀምጠው።